ሦስት ጎማ፣ አንድ ጣት ማር

«በእጅ የሚዘወረውን ሳይክል እንውሰድ» አለ አምሐ።

«እኔ በእግሬ ነው የምሄደው» አለች ሉሲ።

ጋራዡ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። ሁለት ክራንች ታቅፋ አሮጌ ጎማ ላይ የተቀመጠች ልጅ «በእግሬ» ስትል አየር ጤና ሰምታ አታውቅማ! ሉሲ ግን የሰው ዓይን አይደንቃትም። ያ የተረገመ ሚኒባስ፣ ተማሪ ሳለች፣ ግራ እግሯን በድን አድርጎባት ከሄደ ወዲህ ስትታይ ነው የኖረችው። ለሚያፈጥባት ሁሉ መድኃኒቷ አንድ ነው፤ መልሳ ታፈጥበታለች። ቀድሞ የሚያቀረቅረው ሁሌም ያኛው ነው።

ሳያቀረቅር የቀረ አንድ ሰው ቢኖር አምሐ ነው። አባቷ ልብስ ስፌት ቤት ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ አፈጠጠችበት፤ እሱም አፈጠጠባት። ሱሪው ካለቀ በኋላም «ትንሽ ረዝሟል» እያለ ተመላለሰ። ሱሪው ቁምጣ ሊሆን ምንም ሳይቀረው ነው፣ በስንት መከራ፣ «ሉሲ፣ ሱሪው ሰበብ ነው» ያላት።

እንግዲህ ልጁ የዓለም ባንክ ልጅ ነው፤ እናቱ የሕንፃ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ ቤታቸው ፎቅ። ልጅቷ የኮልፌ ልጅ ናት፤ አባቷ ልብስ ሰፊ፣ ቤታቸው የቀበሌ። «ለእማዬ እነግራታለሁ፤ ሽማግሌ ትልካለች» ሲላት ክረምቱ ወጣ፣ በጋውም ተጋመሰ። ሉሲ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አምሐ በእናቱ ፊት «እወዳታለሁ» ሲል መስማት። ሳይክሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ሳይክሉም ቢሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ወያላዎች ክራንቿን ገና ከሩቅ ሲያዩ «ሞልቷል!» ይላሉ፤ ውስጡ ሹፌሩ ብቻውን ተቀምጦ። ዝናብ ሲሆን አባቷ አዝለዋት ነው አስፋልት የሚያደርሷት። የአባቷ ወገብ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ማታ ማታ እሷ የተኛች መስሏቸው ሲያቃስቱ ትሰማለች።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ያደሳ ሁለቱን ሳይክሎች ጎን ለጎን አቁመውላቸዋል። ሁለቱም ባለ ሦስት ጎማ ናቸው። አንደኛው እንደ ወንበር ሰፊ ሆኖ በእጅ ነው የሚዘወረው፤ ከኋላው ሰው የሚገፋበት እጀታ ተበይዶለታል። ሌላኛው እንደማንኛውም ሳይክል ፔዳሉ እግር ስር ነው፤ ከኋላ ግን ሁለት ጎማ አለው፣ መቀመጫው መደገፊያ አለው፣ ግራ ፔዳሉ ላይ ደግሞ እግር የሚታሰርበት ቆዳ ተሰፍቶበታል።

«እጀታውን አየሽው?» አለ አምሐ። «ዳገት ሲመጣ እኔ እገፋሻለሁ።»

«ስትሰለችስ?»

«እኔ? አንቺን?»

«ኧረ ዳገቱን ነው ያልኩህ!»

ጋሽ ያደሳ በሳቅ ፈረሱ። አምሐ ግን አልሳቀም። «ትደክሚያለሽ ብዬ እኮ ነው፣ ሉሲዬ።»

«ስማኝ። ቀኝ እግሬ የአባቴን የስፌት መኪና ስትመታ ነው ያደገችው። የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ያሳጠረች እግር አንድ ሳይክል ያቅታታል? ግራዋ ደግሞ ትታሰርና ዝም ብላ አብራ ትዙር፤ ሥራ ፈት መሆኗን ማን ያውቅባታል? እጆቼ ከክራንች ወርደው በእጅ ወደሚዘወር ሊገቡ? እነሱም ሰው ናቸው፣ ይረፉ!»

«ልጅቷ ትሞክረው» አሉ ጋሽ ያደሳ። «አንተ ምን አገባህ? የአንተ ቂጥ ነው የሚቀመጥበት?»

የእጅ ፍሬኑን ያዙላትና ባለ ፔዳሉ ላይ ወጣች። የመቀመጫውን ከፍታ ሁለቴ አስተካከሉት፤ መጀመሪያ ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ፣ ቀጥሎ እግሯ ፔዳሉን አልደርስ አለ። ሲስተካከል አምሐ ማንም ሳይነግረው በዘይት በጠቆረው ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከና ግራ እግሯን በሁለት እጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ አሰራት። እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው።

«ጠበቀሽ?»

«አይሰማኝም እኮ። እግሬን ጠይቃት።»

ቀና ብሎ አያት። ከታች ወደ ላይ እንደዚያ ሲያያት ሉሲ ምላሷ ተሳሰረ። እሷ! ወያላ የምትሳደበዋ! ሰው ሁሉ ይቺን እግር የሚያያት ወይ በሐዘኔታ ነው ወይ በጭንቀት። እሱ ግን የሚያያት ልክ የሌላውን የአካሏን ክፍል እንደሚያየው ነበር፣ በስስት። ሉሲ ፊቷ ጋለ።

ከዚያ ረገጠች። ሳይክሉ ተንፏቀቀ፣ ካቴናው ተንጫጫ፣ ግቢውን መዞር ጀመረች። ያኔ ነው ያየችው። ግራ ጉልበቷ ወደ ላይ እየወጣ እየወረደ ነው። ከአደጋው ወዲህ እንደ ከረጢት ስትጎትታት የኖረችው እግር ቀሚሷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትሄዳለች። ሉሲ መሳቅ ጀመረች፣ መቆምም አቃታት።

«አምሐዬ! ሱሪህ!» የሚል የሴት ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

በሩ ላይ መኪና ቆሟል። ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ የአምሐ እናት፣ ነጠላቸውን ከዘይቱ እየሰበሰቡ ገቡ። ሉሲ መምጣታቸውን አላወቀችም ነበር። አምሐም ሊነግራት የፈራ ይመስላል፤ በጥድፊያ ተነስቶ ጉልበቱን ማራገፍ ያዘ። የዘይት እድፍ በማራገፍ የሚለቅ ይመስል።

«አምሐ ሳይክል ግዢላት ያለኝ ችግረኛ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሏት፣ በፈገግታ።

ሉሲ ወደ አምሐ ዞረች። ስታፈጥበት አቀርቅሮ የማያውቀው ልጅ አቀረቀረ።

ወይዘሮ ጽጌማርያምም አዩ። በመጀመሪያ የልጃቸውን ጉልበት፣ ቀጥሎ የታሰረውን እግር፣ ከዚያ የሉሲን ፊት። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ለአፍታ ብቻ ቆመ። ወዲያው እንደገና ሞቀ፣ እንዲያውም ከቅድሙ በለጠ።

«አባትሽ ማን ይባላሉ፣ ልጄ?»

«ዱባለ።»

«እናትሽስ?»

«አርፋለች።»

«ውይ! ውይ የኔ ልጅ!» ደረታቸውን ያዙ። «እግዜር ያለ ነገር አላገናኘንም። ሳይክሉን እኔው ራሴ እሁድ ቤታችሁ ይዤው እመጣለሁ። እንዲሁ ደግሞ አልመጣም። ሽማግሌ ይዤ ነው የምመጣው። ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ሽማግሌ። ሉሲ ቃሏን ሰማችና መሪውን አጥብቃ ያዘች፤ ካልያዘች የምትበር መሰላት።

* * *

«ችግረኛ?» አለችው ሉሲ፣ እናቱ መኪና ውስጥ ገብተው በሩን እንደዘጉ። «ችግረኛ ነኝ?»

«ሌላ ምን ልበላት፣ ሉሲዬ? መጀመሪያ ታይሽ፣ ትልመድሽ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ...»

«ምን ነኝ እኔ፣ በርበሬ? ቀስ እያሉ የሚለምዱኝ?»

«አልሰማሻትም እንዴ? ሽማግሌ አለች እኮ! ገብቷታል። ሳልነግራት ገብቷታል፣ ወድዳሻለች!»

ዓይኑ ውስጥ ያየችው ደስታ የሕፃን ደስታ ነበር። ሉሲ ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣዋን ፈለገችው፣ አጣችው። ሴት ልጅ ስትወድ ቁጣዋን የት እንደምታስቀምጠው አይታወቅም። ግን «ሳልነግራት» ያላት ቃል ደረቷ ላይ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። ሳትነግራት? ታዲያ መቼ ልትነግራት ነበር?

ማታ በቴሌግራም ጻፈላት። «እሁድ ሙሉ ልብስ ነው የምለብሰው። አንቺስ?»

«እኔማ ሱሪህን ነው የምለብሰው፣ ቁምጣ ሆናለች» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደ ጅል ለብቻዋ ፈገግ ስትል አመሸች።

* * *

እሁድ ጋሽ ዱባለ ከእድር ወንበር አስመጡ፣ ለስላሳ አስደረደሩ፣ ግቢውን ሁለቴ አስጠረጉ። ስለ ፍቅሩ አንዲት ነገር አያውቁም። «ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው» አሉ ከረባታቸውን እያጠበቁ። «ሳይክል ሲሰጡ እንኳን በሽማግሌ ነው። ክብር ያውቃሉ።» ሉሲ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ፣ ቆይ ትንሽ ታገሥ፣ ምን ሊለምኑህ እንደመጡ ትሰማለህ አለች በልቧ።

የለበሰችው ራሷ የሰፋችውን ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ጫፉን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ሰፍታዋለች።

መኪኖቹ መጡ። ከመጀመሪያዋ ወይዘሮ ጽጌማርያምና ነጭ በነጭ የለበሱ የማኅበር ጓደኞቻቸው ወረዱ፤ ቀጥለው አቶ መዝገቡ የሚባሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ከሌላ ሽማግሌ ጋር። ከኋላ በፒክአፕ ሳይክሉ መጣ፣ መሪው ላይ ሪባን ታስሮ። ራሷ የመረጠችው ነው። መቀመጫው በልኳ፣ ማሰሪያው በልኳ።

አምሐ እውነትም ሙሉ ልብስ ለብሷል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ከረባቱን ነካ አድርጎ በዓይኑ ጠቀሳት። ለሉሲ በሕይወቷ ከዚያች ጥቅሻ የበለጠ ደስታ የለም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም።

አቶ መዝገቡ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ዱባለ፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሴት ልጅ አልወለዱም። ይቺን ልጅ አዩ፣ እናት እንደሌላት ሰሙ፣ አንጀታቸው ተላወሰ። ሳይክል ብቻ ሰጥተው ሊሄዱ አልወደዱም። በአባቶቻችን ወግ፣ እኛን ምስክር አድርገው፣ የጡት ልጃቸው ሊያደርጓት መጥተዋል።»

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ጎንበስ ብላ ከቅርጫት ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ነጭ ማር ነው። ወይዘሮ ጽጌማርያም የቀኝ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ አጠለቁ።

ሉሲ መጀመሪያ አልገባትም። የገባት የአምሐን ፊት ስታይ ነው። ደሙ ተመጦ አመድ መስሏል።

እና ምላሷ፣ ያቺ ማንም ያላሸነፋት ምላስ፣ ለአንድ ሰው ብላ ተንቀሳቀሰች። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣ እሱም እንዲሰማ፤ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? የጡት ልጅ የሆነች እንደሆነ፣ ልጃቸው ምኗ ነው የሚሆነው?»

«ወንድሟ ነዋ!» አሉ አቶ መዝገቡ። «የሥጋ ወንድም። ማሩን ከቀመስሽ በኋላ ደም ነው። መከዳዳት የለ፣ መጋባት የለ። ይህን ያፈረሰ ዘሩ አይባረክም ይላሉ አባቶች።»

በሩ ይኸው፣ ተከፈተልህ፤ ግባ! ሉሲ በዓይኗ ለመነችው። በሕይወቷ ማንንም ለምና አታውቅም፣ ወያላ እንኳን። እሱን ግን ለመነችው።

አምሐ ከወንበሩ ተነሳ።

«እማዬ...»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ጣታቸውን እንደያዙ፣ ዞር እንኳን ሳይሉ፣ ማር በሚንጠባጠብበት ድምፅ፤ «ወዬ አምሐዬ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከረባቱን ነካ።

«የመኪናው ቁልፍ... እኔ ጋ ነው ልልሽ ነው።»

ተቀመጠ።

እሷስ ብትናገር? እሷ ለመናገር የምታንስ ነበረች? በአባቷ ግቢ፣ በሽማግሌ ፊት «ልጅዎን እወደዋለሁ» ብትል ሰፈሩ ለዓመት የሚያላምጠው ወሬ ያገኛል፤ ያላምጣ! የፈራችው ይህን አይደለም። ተናግራ፣ ሰው ሁሉ ወደ አምሐ ዞሮ «እውነት ነው ወይ?» ቢለው፣ እሱም ቁልፉን እያሻሸ «ኧረ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ቢልስ? ይህን ሰምታ መኖር አትችልም። ዝም እንዳለ ይቅር።

ጋሽ ዱባለ መጥተው አጠገቧ ተንበርክከዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ልጄ፣ እናት እኮ ነው የተሰጠሽ። እኔ ነገ አፈር ስሆን የማን ነሽ ትባያለሽ ስል ስጨነቅ... ቅመሺ የኔ ልጅ።»

ሉሲ አፏን ከፈተች።

ማሩ ጣፋጭ ነበር። ቢመር ይሻላት ነበር፤ ለሚመር ነገር ፊትን ማጨማደድ ይቻላል። እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ጉንጯን ሲስሟት በጆሮዋ አንሾካሾኩ፤ «ጋራዥ ውስጥ አይቻለሁ፣ ልጄ። እኔም ሴት ነኝ። እሱ አንድዬ ነው፣ ብዙ ያሰብኩለት ነገር አለ። ሳይክሉን ግን ከልቤ ነው የሰጠሁሽ።»

የሚያስጠላው እውነታቸውን መሆኑ ነው። ሉሲ ልትጠላው ብላ ሳይክሉን ከፊት እስከ ኋላ አየችው፣ አንድ እንከን ፈለገች፣ አንድ የላላ ብሎን። አጣች።

«እህትህን ሳማት እንጂ፣ አምሐ!» አለች አንዷ ማኅበርተኛ። «ምነው ፈዘዝክ?»

ሉሲ ክራንቿን ተደግፋ ቀና አለች። ፈገግ አለች፤ ያንን ፈገግታ ያየ ደስ ብሏት ነው ይላል።

«ተዉት እትዬ፣ ወንድም ጋሼ ዓይን አፋር ነው» አለች። «ወንድም ጋሼ! ና እስቲ ሳይክሌን አውርድልኝ።»

ግቢው በሳቅ አውካካ። አምሐ ብቻ ነው የተመታ ሰው ሆኖ የተነሳው። ሲመታ አይታ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ አላላትም።

* * *

ከስንት ጥሪና ከስንት መልስ ያልተሰጠው መልእክት በኋላ፣ አምሐ ታክሲ ተራው አጠገብ ጠብቆ መንገድ ዘጋባት። ፂሙ አድጓል። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ሉሲ ፍሬን ያዘች፤ ሰው መግጨት ስለማትወድ ብቻ ነው።

«ሉሲዬ፣ ስሚኝ። ማር ነው እኮ። ማር! በዚህ ዘመን ማን ያምናል? እንሂድ፣ ሐዋሳ ጓደኛ አለኝ፣ ቤት ይፈልግልናል...»

«አባቴ ያምናል። በየሱቁ እየዞረ ልጄ እናት አገኘች እያለ ነው። የሚያገኘውን ሁሉ ሻይ እየጋበዘ።»

«ይገባዋል፣ ቀስ ብለን እናስረዳዋለን...»

«አንተስ? ታምናለህ?»

«አላምንም! በፍጹም አላምንም!»

«ታዲያ እሁድ ለምን ዝም አልክ?»

ፂሙን አሻሸ። «እናቴን በሰው ፊት ማዋረድ...»

«እኔስ በሰው ፊት አልነበርኩም?»

አንድ ወያላ በመሃላቸው «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ አለፈ።

«ብታምን ይሻልህ ነበር፣ አምሐ» አለችው፣ ቀስ ብላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «የሚያምን ሰው እርግማኑን ፈርቶ ዝም አለ እላለሁ፣ አዝንልሃለሁም። አንተ ግን ተራ ማር መሆኑን እያወቅክ ነው የሸጥከኝ።»

«እወድሻለሁ!» አለ አምሐ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሊስትሮዎቹ ቀና እስኪሉ፣ ወያላው እስኪያፏጭ። ከክረምት ጀምራ ስትጠብቃት የኖረችው ቃል ነበረች። ይኸው መጣች። እናቱ ግን የሉም፤ ሽማግሌ የለም፤ የሰማት የታክሲ ተራ ነው።

«አውቃለሁ» አለችው። «ዞር በል፣ መንገድ ዘግተሃል።»

ዞር አለ። እንደሁልጊዜው፣ ዞር በል ሲሉት ዞር አለ።

ሉሲ ረገጠች። እስከ መታጠፊያው ድረስ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች፤ ከኋላ ሲያያት ኩሩ እንድትመስለው። ከታጠፈች በኋላ ግን መንገዱ በዓይኗ ውስጥ መዋኘት ጀመረ። እንባዋን ልትጠርግ ፈለገች፤ ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ናቸው፣ ከፊቷ ቁልቁለት ነው፣ ከኋላዋ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ሲንጠባጠብ፣ በአጠገቧ ያለፈች አንዲት ሴትዮ ሳይክሉን ብቻ አይታ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት።